መክሰርና በሕግ መክሰር፦ ዕዳ ከአቅም በላይ ሲሆን ሕጉ የሚሠራው ሥራ

በአማርኛ «ከሰረ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ዕቃውን ከገዛበት ዋጋ አሳንሶ የሸጠ ሰው ከሰረ ይባላል፤ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ወጪው ከገቢው የበለጠበትም ከሰረ ይባላል፤ ዕዳ በዝቶበት በሩን ዘግቶ የጠፋም እንዲሁ። ሕግ ግን ቃሉን የሚጠቀምበት በጠባብ ትርጉም ነው። በሕግ ፊት የከሰረ የሚባለው፣ የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ዕዳዎቹን መክፈል ያቃተውና ይህም ሁኔታው በፍርድ ቤት ወይም ሕጉ በሚያዘው ሌላ ሥርዓት የታወቀለት ሰው ወይም ድርጅት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት በተከታታይ ኪሳራ ያስመዘገበ ድርጅት ዕዳውን በየጊዜው እየከፈለ እስከቆየ ድረስ በሕግ አልከሰረም። በአንጻሩ በመዝገቡ ላይ ትርፋማ የሆነ፣ ነገር ግን ገንዘቡ ሁሉ በዱቤ በደንበኞች እጅ የተበተነበት ነጋዴ፣ ዛሬ የደረሰበትን ዕዳ መክፈል ካልቻለ ከኪሳራ ሕግ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ሁለቱን ትርጉሞች ማደባለቅ ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ትርጉም የሚያመጣው ኀፍረት፣ ሁለተኛው ከሚሰጠው ጥበቃ ሰውን ያርቀዋል። ባለዕዳው «ከሰረ ልባል ነው» እያለ ሲሸሽ፣ ቤቱን በመያዣ ያስይዛል፣ ዘመድ በዋስነት ያስፈርማል፣ የአንዱን ዕዳ ከሌላው ተበድሮ ይከፍላል፤ በመጨረሻ ወደ ሕግ ሲመጣ የሚጠበቅ ንብረት አይኖረውም። በእኔ አመለካከት ሰዎች ከዚህ ሕግ ሳይጠቀሙ የሚቀሩበት ትልቁ ምክንያት የሕጉ ውስብስብነት ሳይሆን ዘግይቶ መምጣት ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ከዚህ በታች የጋራ የሆነውን አሠራር እያስረዳሁ ምሳሌዎችን ከተለያዩ አገሮች አመጣለሁ፤ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩጫውን ማስቆም

የኪሳራ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት፣ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይበቃል። በተለመደው የፍትሐ ብሔር ሥርዓት ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ይከሳል፣ ያስፈርዳል፣ ከዚያም በአፈጻጸም የባለዕዳውን ንብረት አስይዞ በሐራጅ ያሸጣል። ባለዕዳው ለሁሉም የሚበቃ ሀብት ካለው ይህ መንገድ እንከን የለውም፤ የቀደመውም የዘገየውም ገንዘቡን ያገኛል። ሀብቱ ካልበቃ ግን የቀደመው ሙሉ ድርሻውን ወስዶ የዘገየው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ ባለገንዘብ፣ ማለትም ከባለዕዳው ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ ሁሉ ወሬውን እንደሰማ ይሮጣል። እያንዳንዳቸው ስለራሳቸው በትክክል አስበው የሚያደርጉት ነገር፣ ሲደመር ሁሉንም የሚጎዳ ይሆናል።

አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት እናስብ፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ድርጅቱ በጠቅላላው የ1,000,000 ዕዳ አለበት። ከዚህ ውስጥ 600,000 የሚሆነው ማሽኖቹን በመያዣነት የያዘው ባንክ ብድር ነው፤ 200,000 ጣውላ በዱቤ ለሰጠው አቅራቢ፣ 100,000 ከባለቤቱ ወዳጅ ለተወሰደ ብድር፣ 60,000 ለግብር፣ 40,000 ደግሞ ላልተከፈለ የሠራተኞች ደመወዝ የሚገባ ነው። ጣውላ አቅራቢው ቀድሞ ሰምቶ የዕቃ ማድረሻ መኪናውን በፍርድ ቤት አሳገደ እንበል። በማግስቱ ተሠርተው ያለቁ ጠረጴዛዎች ከመጋዘን መውጣት አቃታቸው፤ ያዘዙ ደንበኞች ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ቅድመ ክፍያ የሰጡት ደግሞ እነሱም ገንዘብ ጠያቂዎች ሆኑ። አቅራቢው ከመኪናው ሽያጭ ያገኘው ገንዘብ፣ ድርጅቱ በዚያ ሳምንት ካጣው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ላይሆን ይችላል።

ሕጉ በመጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ሩጫ ማገድ ነው። የኪሳራ አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም እንደየአገሩ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ፣ በባለዕዳው ላይ የተጀመሩ ክሶችና አፈጻጸሞች ይቆማሉ፤ አዲስ ክስ አይከፈትም፤ ደመወዝ መቁረጥ፣ ንብረት ማስያዝና ሐራጅ ማውጣት ይታገዳል። በአሜሪካ በ1978 በወጣው የኪሳራ ሕግ መሠረት እግዱ ዳኛ የተለየ ትእዛዝ እስኪሰጥ አይጠብቅም፤ ማመልከቻው ለመዝገብ ቤት በገባበት ቅጽበት ይጀምራል፣ መያዣ የያዘውንም ባለገንዘብ ጭምር ያስቆማል። በሌሎች አገሮች ግን መያዣ የያዘው ባለገንዘብ ከእግዱ ውጭ የሚሆንበት ወይም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚታገድበት ሕግ አለ። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም ለእንጨት ሥራ ድርጅቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ ማሽኖቹ ከተወሰዱ የሚድን ድርጅት የለምና።

ከእግዱ በኋላ ንብረቱን የሚረከብ ወይም የሚቆጣጠር ሰው ይሾማል። በአማርኛ የሕግ ቋንቋ እንደ ጉዳዩ ንብረት ጠባቂ ወይም ሒሳብ አጣሪ ይባላል። ሥራው የባለዕዳውን ሀብት መዝግቦ መሰብሰብ፣ ባለገንዘቦች በተወሰነ ቀነ ገደብ ውስጥ ጥያቄያቸውን ከነማስረጃው እንዲያቀርቡ መጥራት፣ የቀረቡትን መርምሮ መቀበል ወይም መቃወም፣ በመጨረሻም ማከፋፈል ነው። ታማኝነቱ ያለበት ለባለዕዳውም ለአንድ ባለገንዘብም ሳይሆን ለሁሉም በጋራ ነው።

አከፋፈሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ «ያለው ገንዘብ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል» ብሎ በማሰብ ነው። እኩልነት ያለው በአንድ ደረጃ ላይ ባሉት መካከል ብቻ ነው፤ ደረጃዎቹ ራሳቸው ግን እኩል አይደሉም። ወደ ድርጅታችን እንመለስ። ማሽኖቹ ተሸጠው 450,000 አስገኙ፤ ይህ በመያዣነት ለያዛቸው ባንክ ይሄዳል፤ ባንኩ ገና 150,000 ይቀረዋል። ጣውላው፣ መኪናውና ከደንበኞች የተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ላይ 150,000 ሆነ። ከዚህ ላይ የሥርዓቱ ወጪ፣ ማለትም የንብረት ጠባቂው አበል፣ የሐራጅና የፍርድ ቤት ወጪ፣ 30,000 ተቀነሰ። ከቀረው 120,000 ላይ የሠራተኞቹ 40,000 ቀድሞ ይከፈላል፤ በብዙ አገሮች ለደመወዝ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ቀዳሚነት ይሰጣልና። ግብርም ቀዳሚነት ባለበት አገር ከሆንን 60,000ው ይወጣና 20,000 ብቻ ይቀራል። ይህን 20,000 የሚካፈሉት መያዣም ቀዳሚነትም የሌላቸው ናቸው፦ ባንኩ ለቀረው 150,000፣ ጣውላ አቅራቢው ለ200,000፣ ወዳጁ ለ100,000፣ በድምሩ ለ450,000። ለእያንዳንዱ መቶ የሚደርሰው አራት ተኩል እንኳ አይሞላም። ጣውላ አቅራቢው ከ200,000ው ወደ 8,900 ገደማ፣ ወዳጁ ከ100,000ው ወደ 4,400 ገደማ ይዘው ይሄዳሉ።

ግብር ቀዳሚነት የሌለው ቢሆን ኖሮ 80,000ው ለ510,000 ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ መቶ ወደ 15.7 ይደርስ ነበር። አንድ መስመር በሕጉ ውስጥ መኖር ወይም አለመኖሩ የአቅራቢውን ድርሻ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለውጠዋል ማለት ነው። እንግሊዝ ይህን ቀዳሚነት በ2003 አንስታ፣ በታኅሣሥ 2020 ለተጨማሪ እሴት ታክስና ከሠራተኞች ደመወዝ ለተቆረጠ ግብር መልሳ ሰጥታለች። ጀርመን ደግሞ በ1999 ሥራ ላይ በዋለው ሕጓ እንዲህ ያሉትን ልዩ ቀዳሚነቶች በጅምላ ሰርዛለች። ዕቃ በዱቤ የሚሸጥ ሰው ይህን የሕግ ክፍል ቢያውቀው የዱቤውን መጠን የሚወስንበት መንገድ ይለወጥ ነበር እላለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ። ባለዕዳው ሊከስር መሆኑን አውቆ፣ ከአንድ ወር በፊት የወዳጁን 100,000 ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ቢሆንስ? ዕዳው እውነተኛ ነው፣ ማታለልም የለበትም፤ ሆኖም ክፍያው ሌሎቹ የሚካፈሉትን ለአንድ ሰው መስጠት ነው። ስለዚህ ንብረት ጠባቂው ገንዘቡን ከወዳጁ ማስመለስ ይችላል። በአሜሪካ ሕግ ወደ ኋላ የሚታየው ጊዜ በመደበኛው 90 ቀን ሲሆን፣ ለዘመድና ለቅርብ ሰው የተከፈለ ከሆነ አንድ ዓመት ነው። ቤትን በልጅ ስም ማዞር ወይም መኪናን በርካሽ ለወንድም መሸጥማ ከዚህ የከፋ ነው፤ ውሉ መፍረሱ ሳያንስ፣ ባለዕዳው ከዕዳ ነጻ የመሆን መብቱን ሊያጣና በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በዕዳ ጭንቅ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያስቡት ይኸው መሆኑ ያሳዝናል።

ግለሰብ ሲከስር

ድርጅት ሲከስር ንብረቱ ተሸጦ፣ ሒሳቡ ተጣርቶ፣ ስሙ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል። ሰው ግን ከመዝገብ አይሰረዝም፤ በማግስቱም ይበላል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። ስለዚህ፣ የግለሰብ ኪሳራ ዋና ጥያቄ «ያለው ንብረት እንዴት ይከፋፈል?» የሚለው ሳይሆን «ነገ የሚያገኘው ገንዘብ የማን ነው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ በ117ኛው አንቀጹ፣ በዕዳ ምክንያት ሚስቱን ወይም ልጆቹን ለሥራ የሰጠ ሰው፣ እነሱ ሦስት ዓመት አገልግለው በአራተኛው ነጻ እንዲወጡ ይደነግጋል። የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ያዛል። የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን በ594 ከክርስቶስ ልደት በፊት በዕዳ ምክንያት ባሪያ መሆንን አስቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዞው ወደ ፊት ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ በ1542 ያወጣችው የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ ባለዕዳውን እንደ ወንጀለኛ የሚያይ ነበር። በ1705 የወጣው ደግሞ እንግዳ ድብልቅ ነው፦ ንብረቱን ሁሉ አሳውቆ ለተባበረ ነጋዴ ዕዳው እንዲሰረዝለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቅድ፣ ንብረቱን ለሸሸገ ግን የሞት ቅጣት አስቀመጠ። ለዕዳ ማሰር በፈረንሳይ በ1867፣ በእንግሊዝ በ1869 በአመዛኙ ቀረ፤ በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ክብደት አላት፤ አታልሎ መበደርና ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በዚህ ጥላ ሥር አይጠለሉም።

የዛሬው ሕግ የነገን ገንዘብ እንዴት እንደሚጠብቅ ከሚያሳዩት ጉዳዮች ሁሉ ለእኔ ግልጹ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1934 የወሰነው ነው። አንድ ሠራተኛ 300 ዶላር ሲበደር ወደ ፊት የሚያገኘውን ደመወዝ በመያዣነት አስይዞ ነበር። ኋላ ከሰረ፣ ዕዳውም ተሰረዘለት። አበዳሪው ግን «ዕዳው ቢሰረዝም መያዣዬ አልተሰረዘም» ብሎ ደመወዙን ከአሠሪው ለመቀበል ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ታማኝ ሆኖ ሳለ ዕድል የጠመመበት ባለዕዳ ከአሮጌው ዕዳ ተላቆ በአዲስ መልክ እንዲጀምር ማስቻል የሕጉ ዓላማ ነው፣ የነገ ጉልበቱን አስይዞ ከኖረ ግን ከዕዳ ቁራኛነት አልወጣም የሚል ነበር ምክንያቱ።

ይህ የዕዳ ስረዛ በሁለት መልክ ይመጣል። በመጀመሪያው ባለዕዳው ያለውን ንብረት ይሰጣል፤ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገው፣ ማለትም ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የሥራ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታ የመኖሪያ ቤት ዋጋ እስከተወሰነ መጠን፣ ይተውለታል፤ ከዚያ ቀሪው ዕዳ ይሰረዛል። በሁለተኛው ንብረቱን እንደያዘ ይቆይና ከገቢው ላይ ለተወሰኑ ዓመታት በዕቅድ ይከፍላል፤ ጊዜው ሲያበቃ ያልተከፈለው ይቀርለታል። በአሜሪካ የመጀመሪያው ምዕራፍ 7፣ ሁለተኛው ምዕራፍ 13 በሚባለው የሕጉ ክፍል የሚፈጸም ሲሆን፣ የምዕራፍ 13 ዕቅድ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል። የቤት ብድር ወርኃዊ ክፍያ ያመለጠው ሰው ውዝፉን ከፋፍሎ ከፍሎ ቤቱን የሚያድንበት መንገድ በአብዛኛው ይኸኛው ነው። በ2005 ሕጉ ሲጠብቅ፣ ገቢው ከፍ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 7 እንዳይገባ የገቢ መመዘኛ ተጨመረበት።

በእንግሊዝ ግለሰብ በመደበኛው አካሄድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኪሳራ ይወጣል፤ ትርፍ ገቢ ካለው ግን እስከ ሦስት ዓመት እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች ታማኝ ነጋዴዎች ቢበዛ በሦስት ዓመት ከዕዳ ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ እንዲያበጁ አዟል፤ ጀርመንም በ2020 መጨረሻ ስድስት ዓመት የነበረውን ጊዜ ወደ ሦስት አወረደች። ከሐሙራቢ ወደ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ተጉዞ ያው ሦስት ዓመት ላይ መድረስ ያስገርማል፤ እርግጥ ነው የዛሬው ባለዕዳ ሚስቱንና ልጆቹን አያስረክብም።

ሁሉም ዕዳ አይሰረዝም። የልጅ ቀለብ፣ በወንጀል የተፈረደ መቀጮ፣ በማታለል የተገኘ ገንዘብ፣ ሰክሮ በማሽከርከር በሰው አካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሳ በአሜሪካም ሆነ በሌሎች ብዙ አገሮች ኪሳራ የማያጠፋቸው ዓይነቶች ናቸው። በአሜሪካ የተማሪዎች ብድር ባለዕዳው ከመጠን ያለፈ ችግር ውስጥ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር አይሰረዝም፤ ግብርም በአብዛኛው አይሰረዝም። መያዣ ያለበት ዕዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ባለዕዳው በግሉ ከመጠየቅ ቢድንም መያዣው ባለበት ይቀጥላል፤ ቤቱን ማቆየት የፈለገ ሰው የቤቱን ብድር መክፈል አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብን የሚያናጋው የዋስ ጉዳይ ነው። የተበዳሪው ዕዳ በኪሳራ ሲሰረዝ የዋሱ አይሰረዝም። እንዲያውም ዋስ የሚፈለገው ለዚች ቀን ነበርና፣ ባንኩ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። ለአጎቱ ልጅ ብድር «ፊርማ ብቻ ነው» ተብሎ የፈረመ ሰው፣ የአጎቱ ልጅ በሕግ ከዕዳ ነጻ ሲወጣ እሱ ዕዳውን ብቻውን ተሸክሞ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ኪሳራ ሥርዓት ለመግባት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሊቆጥረው የሚገባው የዋሶቹን ቁጥር ነው፤ ከማመልከቻው በፊት ሊነግራቸውም ይገባል።

ዋጋም አለው። የኪሳራ መዝገብ በአሜሪካ የብድር ታሪክ ሰነድ ላይ እስከ 10 ዓመት፣ በእንግሊዝ በአብዛኛው 6 ዓመት ይታያል። ዕዳው ገና ያልተሰረዘለት ሰው የድርጅት ዳይሬክተር እንዳይሆን የሚከለክሉ ሕጎችም አሉ።

ድርጅት ሲከስር

ስለ ድርጅት ሲነሳ መጀመሪያ የሚለየው፣ ድርጅቱና ባለቤቱ በሕግ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ነው። በግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የንግዱ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው፤ ቤቱም መኪናውም ለዚያ ዕዳ ይውላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ግን ባለአክሲዮኑ የሚያጣው ያዋጣውን ነው። ይህን ድንበር ያጸናው በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1896 የሰጠው የሳሎሞን ውሳኔ ነው። ሳሎሞን የቦት ጫማ አምራች ነበር። ንግዱን ለአዲስ ኩባንያ ሸጠ፤ ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001 የራሱ፣ ስድስቱ የሚስቱና የልጆቹ ነበሩ፤ ለሽያጩ ከሚገባው ዋጋ በከፊልም በኩባንያው ንብረት ላይ መያዣ ወሰደ። ኩባንያው ሲወድቅ ሒሳብ አጣሪው «ኩባንያው የዚህ ሰው ጥላ ነው፣ ዕዳውን ይክፈል» ሲል ተከራከረ። ጌቶቹ ግን ኩባንያው በሕግ ከተመዘገበ ከሳሎሞን የተለየ ሰው ነው አሉ፤ ሳሎሞንም በግሉ ከመጠየቅ ዳነ።

በተግባር ግን ይህ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ በራሱ ፊርማ ይፈርሳል። አነስተኛ ድርጅት ብድር ሲጠይቅ ባንኩ የባለቤቱን የግል ዋስትና ማስፈረሙ የተለመደ ነው፤ ባለቤቱም ማኅበር ማቋቋሙ እንደሚጠብቀው አምኖ ይፈርማል። የእንጨት ሥራ ድርጅታችን ባለቤት ለ600,000ው ብድር በግሉ ዋስ ሆኖ ከነበረ፣ ማሽኖቹ ተሸጠው ከጋራው የደረሰው ትንሽ ድርሻ ተቀንሶ የቀረውን ወደ 143,000 ገደማ ባንኩ ከቤቱ ላይ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ አንድ ሳይሆን ሁለት ኪሳራ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ድርጅቱ ይዘጋ ወይስ ይዳን የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው በንጽጽር ነው፦ ንብረቱ ተበጣጥሶ ሲሸጥ ከሚያወጣው ገንዘብ፣ ድርጅቱ እየሠራ ሲቀጥል የሚያስገኘው ይበልጣል ወይ? የመጋዝ ማሽን ብቻውን ማሽን ነው፤ ከሠለጠነ ሠራተኛ፣ ከተፈረመ ትእዛዝና ከሚያምን ደንበኛ ጋር ሲሆን ግን ከዋጋው በላይ ነው። ድርጅቱ የከበደው ሥራው ስለማያዋጣ ሳይሆን የብድሩ ጊዜ አጭር፣ ወለዱም ከባድ ስለሆነ ከሆነ፣ መልሶ ማደራጀት የሚባለው ሥርዓት ይጠቅመዋል። ሥራው ራሱ የማያዋጣ ከሆነ ግን ማዘግየቱ የሠራተኛውንም የባለገንዘቡንም ቀሪ ገንዘብ መብላት ነው። አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች ይህን ሥርዓት ወንበራቸውን ለማቆየት ሲጠቀሙበት የሚታየውም ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው አስመስሎ በማቅረብ ነው።

በመልሶ ማደራጀት ድርጅቱ በእግዱ ተጠልሎ ሥራውን እየቀጠለ፣ ዕዳውን በምን መልክ እንደሚከፍል ዕቅድ ያቀርባል፦ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም፣ ወለድ መቀነስ፣ ከፊሉን መተው፣ ወይም ባለገንዘቡ በዕዳው ፈንታ አክሲዮን እንዲወስድ ማድረግ። የሥርዓቱ ኃይል ያለው በድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። ከፍርድ ቤት ውጭ በሚደረግ ድርድር አንድ እምቢተኛ ባለገንዘብ ሁሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ «ሌሎቹ ይተዉ፣ እኔ ሙሉውን ልቀበል» ማለት ያዋጣዋልና። በአሜሪካ ምዕራፍ 11 ግን በአንድ ምድብ ውስጥ ድምፅ ከሰጡት መካከል በገንዘብ መጠን ሁለት ሦስተኛው፣ በቁጥር ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆኑት ከተስማሙ ምድቡ ዕቅዱን እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ያልተስማማውም ይገደዳል። በምላሹ ፍርድ ቤቱ፣ የተቃወመው ባለገንዘብ ድርጅቱ ተዘግቶ ንብረቱ ቢሸጥ ከሚያገኘው ያነሰ እንዳይደርሰው ያረጋግጣል።

የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2002 እስከ የካቲት 2006 በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ አውሮፕላኖቹ መብረር አላቆሙም። የመኪና አምራቹ ጀነራል ሞተርስ ሰኔ 1 ቀን 2009 አመልክቶ፣ ዋናው ሥራው በመንግሥት ገንዘብ ለተደገፈ አዲስ ኩባንያ ተሸጦ በ40 ቀን ገደማ ወጣ። በአንጻሩ መስከረም 15 ቀን 2008 ያመለከተው የአሜሪካ ባንክ ሌማን ብራዘርስ የሚድን አልነበረም፤ ንብረቱን አጣርቶ ለባለገንዘቦች ማከፋፈሉ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። እነዚህ ግን ጠበቆችና የሒሳብ ባለሙያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩባቸው መዝገቦች ናቸው። ለአነስተኛ ድርጅት የሥርዓቱ ወጪ ብቻውን ከዕዳው ሊከብድ ስለሚችል፣ አሜሪካ ከየካቲት 2020 ጀምሮ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ያጠረና የቀለለ መንገድ ከፍታለች። ሕንድም በ2016 ባወጣችው ሕግ ለሥርዓቱ የ180 ቀን ገደብ አስቀምጣ፣ ማራዘሚያና ክርክር ተጨምሮ ከ330 ቀን እንዳያልፍ በ2019 አሻሽላዋለች፤ በተግባር ገደቡ ብዙ ጊዜ መጣሱ የሚታወቅ ቢሆንም።

ፍርድ ቤት ከመድረስ በፊት

አብዛኛው የዕዳ ማቃለያ የሚፈጸመው በድርድር ነው። ባንክ ተበዳሪው ሊከስር ይችላል የሚል ስጋት ሲኖረው፣ ከላይ ያየነውን ስሌት በራሱ ሠርቶ በሐራጅ የሚያገኘውንና በተራዘመ ጊዜ የሚያገኘውን ያነጻጽራል። ስለዚህ ለድርድር የሚቀርብ ባለዕዳ ይዞ መሄድ ያለበት ልመና ሳይሆን ያንኑ ስሌት ነው፦ ወርኃዊ ገቢዬ ይህ ነው፣ ልቀንሰው የማልችለው ወጪዬ ይህ ነው፣ የሚተርፈው ይህ ነው፣ ለሁሉም በየድርሻቸው ይህን ያህል እከፍላለሁ የሚል ወረቀት። የመጀመሪያው ክፍያ ሳያመልጥ የቀረበ ጥያቄ፣ ሦስት ክፍያ አምልጦ ከቀረበው ይልቅ ሰሚ ያገኛል። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ «ቀሪው ተትቷል» የሚለው ቃል በግልጽ ይስፈርበት። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የተተወ ዕዳ በመርህ ደረጃ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት እንደሚችልም ማወቅ ይገባል፤ በኪሳራ ሥርዓት የተሰረዘ ዕዳ ግን በአሜሪካ ከዚህ ግብር ውጭ ነው።

በዚህ መሐል «ዕዳህን በግማሽ አስቀንሳለሁ» የሚሉ አደራዳሪዎች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ክፍያቸውን አስቀድመው ይቀበላሉ፤ ደንበኛቸውንም ለባለገንዘቦቹ መክፈሉን እንዲያቆም ይመክሩታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወለዱና ቅጣቱ ይቆለላል፣ ክሱም ይመጣል። አሜሪካ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ በስልክ የሚሸጥ የዕዳ ማቃለያ አገልግሎት ውጤት ሳያስገኝ ክፍያ እንዳይቀበል የከለከለችው ለዚህ ነው። ደንቡ በሌለበት አገርም መመዘኛው ያው ነው፦ ቀድሞ የሚያስከፍል አደራዳሪ ለባለዕዳው አንድ ተጨማሪ ባለገንዘብ ነው።

ድርድሩ ካልሠራ የሕግ ባለሙያ ዘንድ የሚኬደው የሁሉም ዕዳ ዝርዝር ተይዞ ነው፤ ከነቀኑ፣ ከነመያዣው፣ ከነዋሱ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ከተሸጠና ከተሰጠ ንብረት ጋር። በዝርዝሩ ላይ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያስቀሩት አንድ ዕዳ አለ፤ እሱም ለእናት ወይም ለልብ ወዳጅ ያለባቸው ነው፤ «እሱን እኔ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» በማለት። ዝርዝሩ ግን በመሐላ የሚረጋገጥ ሰነድ ስለሆነ ይህ ስህተት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያልተጻፈ ዕዳ ከስረዛው ውጭ ሊቀር ይችላል። የእናትም ቢሆን ይጻፋል፤ ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ በራሱ ፈቃድ ለእናቱ መክፈል የሚፈልገውን ሰው ያ ሕግ አይከለክለውም።